ፎቶው ማን ዘንድ ቀረ?

ላሊበላ፣ አክስቴ ቤት፣ ከበሩ በስተግራ ግድግዳው ላይ አንድ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። መዳፍ ያህላል። ጥቁርና ነጭ ነው፤ ጠርዝ ጠርዙ ወደ ቡናማነት ሄዷል፤ አንዱ ጥግ ላይ የጣት አሻራ አለበት። አሥር ዓመት የማይሞላት ልጅ እንስራ አዝላ ቆማለች፤ ከኋላዋ የድንጋይ ካብ ይታያል። ልጅቷ አክስቴ ናት። ፎቶውን የተነሣችው ከአብዮቱ ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ቤተ ክርስቲያኖቹን ሊያነሣ በመጣ አንድ የውጭ አገር ሰው ነው።

«ሦስት እግር ላይ የቆመ ሣጥን ነበረው» ትላለች። «ጥቁር ጨርቅ ራሱ ላይ ይጥልና ድርግም ይላል፤ እኛ እንስቃለን። አንዴ አነሣኝና ከሣጥኑ ወረቀት መዝዞ ሰዓቱን እያየ ቆመ። ከዚያ ወረቀቱን ከወረቀት ላጠው፤ እኔው ነኝ! የሆነ ነገር ቀባበትና ኮምጣጤ ኮምጣጤ እየሸተተ ሰጠኝ። ደግሞ እዚያው ቁሚ ብሎ በእጁ አመለከተኝና ሌላ አነሣ። ያንን ግን ይዞት ሄደ።»

ልጅ ሳለሁ ይህን ታሪክ ስሰማ ሰውዬው ደኅናውን ለአክስቴ ሰጥቶ ትርፉን የወሰደ ይመስለኝ ነበር። ስለ ፎቶግራፍ ታሪክ ማንበብ ስጀምር ነው ነገሩ የተገለበጠው። በዚያን ዘመን በትልቅ ካሜራ የሚሠሩ ባለሙያዎች ዋናውን ፊልም ከማጥፋታቸው በፊት ካሜራው ላይ የፖላሮይድ ፊልም አስገብተው አንድ ጊዜ ያነሡ ነበር። ብርሃኑ በቂ መሆኑን፣ ምስሉ በቦታው መግባቱን በደቂቃ ውስጥ ያዩበታል። ካዩት በኋላ አያስፈልግም፤ ይጣላል፣ አለበለዚያ ለተነሣው ሰው ይሰጣል። ለአክስቴ የደረሳት እንግዲህ ሙከራው ነው። ዋናው ፎቶ የት እንዳለ እግዚአብሔር ይወቀው። ላስታ የቀረው ግን ሙከራው ብቻ ነው፤ ሃምሳ ዓመት አልፎትም ግድግዳው ላይ አለ።

ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ ሌላ ነገር ነበር። በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በአውስትራሊያ አሮጌ የፖላሮይድ ካሜራዎችን በመጋዝ እየቆረጡ፣ ትልልቅ የፊልም ቅጠል እንዲያነሡ አድርገው የሚለውጡ ሰዎች እንዳሉ አነበብኩ። ወዲያው ፎቶ ይሰጥ የነበረውን ካሜራ ወዲያው የማይሰጥ ማድረግ! መጀመሪያ ሳቅሁ። ቆይቶ የአክስቴ ፎቶ ትዝ አለኝ፤ ጉዳዩም የዕቃ ጥገና ብቻ አልመሰለኝም። ለማስረዳት ግን ወደ ኋላ ራቅ ብዬ፣ ካሜራ ወደ አገራችን ከገባበት ቀን ልጀምር። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዘመናት፣ ዓ.ም. ካልኩት በስተቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ፎቶ አንሺ ሆኖ በታሪክ የሚጠቀሰው ሚስዮናዊ ነው። ሄንሪ ሽተርን በጀርመን አገር ከአይሁድ ቤተሰብ የተወለደ፣ ክርስትናን ተቀብሎ በለንደን በሚገኝ ማኅበር የተላከ ሰባኪ ነበር። በ1859 ለቤተ እስራኤል ወንጌል ሊሰብክ ሲመጣ ካሜራ ይዞ መጣ። ወደ እንግሊዝ ተመልሶም በ1862 ስለ ጉዞው መጽሐፍ አሳተመ፤ ስለ ቦታውና ስለ ሰዉ የተቀረጹ 20 ሥዕሎች ነበሩበት። ፎቶግራፍን በቀጥታ ከጽሑፍ ጋር የሚያትም መኪና በዚያን ጊዜ ስላልነበረ ሥዕል በቅርጽ እየተሠራ ነበር መጽሐፍ ውስጥ የሚገባው።

እኛ የዚህ መጽሔት አንባቢዎች ካሜራን ያስገባው ወንጌል ሰባኪ መሆኑን ስንሰማ ደስ ሊለን ይችላል። መጽሐፉ ግን ጣጣ አመጣ። የዐፄ ቴዎድሮስ እናት ኮሶ ሻጭ ነበሩ የሚለውን ወሬ ሽተርን ጽፎት ነበርና ነገሩ ንጉሡ ጆሮ ደረሰ። በ1863 ሽተርን ተደብድቦ ታሰረ፤ በኋላም ከሌሎች አውሮፓውያን ጋር መቅደላ ላይ በሰንሰለት ቆየ። ስለ ሰዎች የጻፈው ነገር ሰዎቹ ዘንድ ተመልሶ ይደርሳል ብሎ ያሰበ አይመስለኝም። ደረሰ።

እስረኞቹን ለማስፈታት በጄኔራል ናፒየር የተመራው ጦር በ1868 ከዙላ ተነሥቶ ወደ ደቡብ ሲጓዝ ዝሆንና መድፍ ብቻ አልነበረም ይዞ የመጣው። የእንግሊዝ ጦር መሐንዲሶች የሆነው የ10ኛው ኮምፓኒ ባልደረቦች የፎቶግራፍ ዕቃቸውን በእንስሳት ጭነው አብረው ወጡ። ጦሩ አሸንጌን አልፎ፣ የላስታን ምሥራቃዊ ደጋ አቋርጦ፣ በዋድላና በደላንታ በኩል መቅደላ ደረሰ።

ያ ዕቃ ምን ዓይነት ነበር? የዛሬ ወጣት በኪሱ ስልክ ስላለ ይህን ለመገመት ይቸገራል። ፊልም ገና አልነበረም፤ ምስሉ የሚያርፈው መስታወት ላይ ነው። ፎቶ አንሺው ድንኳን ይተክላል፤ ጨለማ ውስጥ ገብቶ መስታወቱን ኮሎዲዮን በሚባል የሚያጣብቅ ፈሳሽ ይቀባል፤ ከዚያ በብር ጨው ውኃ ይነክረዋል። መስታወቱ እርጥብ እንደሆነ ወደ ካሜራው ይሮጣል፤ ያነሣል፤ ተመልሶ ሳይደርቅ ያጥበዋል። ሁሉም በሩብ ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት፤ በደረቅ ደጋ ነፋስ ደግሞ ጊዜው ያጥራል። ፎቶን አሳድጎ ማተምም በቀላሉ የሚቻል አልነበረም፤ ወረቀቱ መስታወቱ ላይ ተደርቦ በፀሐይ ይታተማል፣ ስለዚህ ትልቅ ፎቶ የፈለገ ሰው ትልቅ መስታወት፣ ትልቅ መስታወት የፈለገም ትልቅ ካሜራ መሸከም ነበረበት። ትልቅ ካሜራ የሚባለው ነገር የመጣው ከዚህ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አንድ ነገር ልበል። ያ ምስል እዚያው በቦታው፣ በደቂቃዎች ውስጥ መስታወቱ ላይ ይታይ ነበር። ድንኳኑ ደጃፍ የቆመ የአገሬው ሰው መስታወቱን አዘንብለው ቢያሳዩት ተራራውንና ሰዉን ባየ ነበር። ወዲያው የሚታይ ፎቶ የሃያኛው ክፍለ ዘመን ፈጠራ ነው ሲባል ስሰማ ይህን አስባለሁ። ዘመኑ የጨመረው ማሳየቱን ሳይሆን መስጠቱን ነው።

ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ተያዘች፤ ንጉሡም ራሳቸውን ሠዉ። መሐንዲሶቹ አምባውን፣ በሩን፣ የተፈቱትን አውሮፓውያን እስረኞች በፎቶ አነሡ። የመጀመሪያው ፎቶ አንሺ ሽተርን ከተፈቱት አንዱ ነበር። ካሜራው ደግሞ ለጌጥ ብቻ አልመጣም፤ ካርታና ንድፍ እያባዛ ለመኮንኖቹ ያከፋፍል ነበር። ከመቅደላ የተወሰደውን መጻሕፍትና ንዋየ ቅድሳት ዝሆኖችና በቅሎዎች ተሸክመውት እንደሄዱ ሁላችንም በትምህርት ቤት ተምረናል። መስታወቶቹም በዚያው መንገድ ወርደው በመርከብ ተጫኑ። ከእነሱ የታተሙት ፎቶዎች በአልበም ተጠርዘው እስከ ዛሬ በእንግሊዝ ቤተ መጻሕፍትና ሙዚየሞች ይገኛሉ።

ሕፃኑ ልዑል ዓለማየሁም አብሮ ተጫነ። ሰባት ዓመቱ ነበር። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ከአገር ሳይወጡ በመንገድ አረፉ። በዚያው በ1868 ሐምሌ በዋይት ደሴት ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የምትባል ስመ ጥር ሴት ፎቶ አንሺ በትልቅ የመስታወት ካሜራዋ አነሣችው። ፎቶዎቹ ውብ ናቸው። ዓይኖቹን አይቶ ቶሎ ገጹን የሚገልጥ ሰው ያለ አይመስለኝም። ልጁ በ18 ዓመቱ በ1879 ሞቶ ዊንዘር ተቀበረ።

ላሊበላም በተመሳሳይ መንገድ ወደ ውጭ ወጣች። ከናፒየር ዘመቻ ጋር የመጣው ጀርመናዊው ተጓዥ ጌርሃርድ ሮልፍስ ከመቅደላ ሲመለስ ቤተ ክርስቲያኖቹን ጎብኝቷል፤ ፈረንሳዊው አሺል ራፍሬ ደግሞ በ1882 ስለ እነሱ ብቻ ሥዕል ያለበት መጽሐፍ በፓሪስ አሳተመ። የላስታ ሰው በየዕለቱ የሚሳለመውን ሕንፃ ሌላው ዓለም በወረቀት ማየት ጀመረ።

በእኛ በኩልስ? ከአርመን ወገን የሆነው ቤድሮስ ቦያጂያን በ1905 አዲስ አበባ ገብቶ የዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ሆነ፤ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶርኮምም ሙያውን ቀጠሉ። ከዚያ በኋላ ፎቶ ቤት የከተማ ሰው ኑሮ አካል ሆነ፤ ሠርግ፣ ምርቃት፣ ጉርድ ፎቶ። እዚያ ደንበኛው ፎቶውን ይወስዳል፣ ኔጋቲቩ ፎቶ ቤቱ ሣጥን ውስጥ ይቀራል። መጥፎ ስምምነት አይደለም፤ ቢያንስ ሁለቱም አንድ ከተማ ውስጥ ናቸው። ገጠር ግን ፎቶ ቤት አልነበረም፤ የሚያነሣው መንገደኛ ነው፤ መንገደኛ ደግሞ ይሄዳል።

አሁን ወደ ፖላሮይድ። ኤድዊን ላንድ የተባለው አሜሪካዊ ፈጣሪ በ1943 ከቤተሰቡ ጋር ሳንታ ፌ በእረፍት ላይ ሳለ የሦስት ዓመት ልጁን ፎቶ አነሣት። ልጅቷ ለምን አሁን ማየት እንደማትችል ጠየቀችው። ጥያቄው የልጅ ነው፤ መልሱ ግን አራት ዓመት ፈጀ። ላንድ የካቲት 21 ቀን 1947 ኒው ዮርክ ላይ በባለሙያዎች ፊት ራሱን አንሥቶ፣ ወረቀቱን ልጦ አሳየ። በ1948 ኅዳር የመጀመሪያው ካሜራ በቦስተን በ89 ዶላር ከ75 ሳንቲም ለገበያ ቀረበ። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ ኔጋቲቭና ነጭ ወረቀት ፊት ለፊት ተጣብቀው ሲወጡ በሁለት የብረት ዘንጎች መካከል ይጨመቃሉ፤ በመካከላቸው ያለች ትንሽ ከረጢት ትፈነዳና ማጠቢያ ቅባቷ ይዳረሳል። አንድ ደቂቃ ያህል ጠብቆ መላጥ ነው። ፎቶው ይቀራል፣ ኔጋቲቩ ይጣላል። ጨለማ ክፍል አያስፈልግም፤ እንስራ ሙሉ የማጠቢያ ውኃም አያስፈልግም። ላስታ ላይ በበጋ ውኃ የቀዳ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

ወዲያው የሚሰጥ ፎቶ ሁሌ ስጦታ ነበር ብዬ እንዳላታልላችሁ። በደቡብ አፍሪካ የአፓርታይድ መንግሥት ጥቁሮች የግድ እንዲይዙት ለሚያደርገው የማለፊያ ደብተር ጉርድ ፎቶ የሚነሣው በፖላሮይድ መሣሪያ ጭምር ነበር። በ1970 የኩባንያው ሠራተኞች የነበሩት ካሮላይን ሃንተርና ኬን ዊሊያምስ ይህን ደርሰውበት ተቃውሞ አስነሡ፤ ሥራቸውንም አጡ። ኩባንያው ከደቡብ አፍሪካ ሙሉ በሙሉ የወጣው በ1977 ነው። ፎቶው ተነሺው ኪስ ውስጥ ነበር፤ ግን የእሱ አልነበረም።

ኩባንያው በ2001 ከሰረ፤ በ2008 ፊልም ማምረት እንደሚያቆም አስታወቀ። ቀሪ ሠራተኞችና ወዳጆች ሆላንድ አገር ኤንስኬዴ ከተማ ያለውን ፋብሪካ አድነው ለአንዳንዶቹ ካሜራዎች ዛሬም ፊልም ይሠራል። የጥንቶቹ፣ በጥቅል ፊልም የሚሠሩት ግን ፊልማቸው ከ1992 ጀምሮ የለም። ከእነዚህ መካከል በ1957 የወጣው 110ኤ እና በ1960 የወጣው 110ቢ የሚባሉት ለባለሙያ የተሠሩ ነበሩ። ጀርመን የተሠራ ጥሩ ሌንስ፣ 127 ሚሊ ሜትር፣ እንደ ወናፍ የሚተጣጠፍ ቆዳ፣ ከሌንሱ ጋር አብሮ የሚንቀሳቀስ ርቀት መለኪያ አላቸው። ሁሉ ነገራቸው ደኅና ነው፤ የሚበሉት ብቻ የለም።

ለዋጮቹ የሚያደርጉት እንዲህ ነው። የኋላውን በርና መጭመቂያ ዘንጎቹን ያወጣሉ። የካሜራው ጀርባ የተሠራው 8 በ11 ሴንቲ ሜትር ለሚጠጋ ምስል ነው፤ ትልቁ የፊልም ቅጠል ግን 10 በ12.7 ያህላል። ስለዚህ የብረት አካሉን ቆርጠው ያሰፋሉ፤ የወናፉንም የኋላ አፍ እንዲሁ፤ አለዚያ የምስሉ ጥግ ጥግ ይጨልማል። ከዚያ የፊልም መያዣ የሚቀበል አዲስ ጀርባ ይገጥማሉ። ጣጣው ያለው እዚህ ነው፤ አዲሱ ጀርባ ፊልሙን ወደ ኋላ ስለሚያርቀው ሩቅ ተራራ ጥርት ብሎ አይታይም፤ ርቀት መለኪያውም ይዋሻል። ሌንሱ የሚቆምበትን ቦታ በዚያው ልክ ወደ ኋላ መሳብ፣ ደብዛዛ መስታወት ላይ ምስሉን እያዩ መለኪያውን ደጋግሞ ማስተካከል ያስፈልጋል። በመጨረሻ ጨለማ ቤት ውስጥ በባትሪ ብርሃን ቀዳዳ ይፈለጋል። ብርሃን የሚያስገባ የመርፌ ቀዳዳ ካለ ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው።

የሚገኘው ነገር ግን ድካሙን ይክሳል። አንዱ የፊልም ቅጠል ከተለመደው የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም 15 ጊዜ ያህል ይሰፋል፤ የጋቢው ክር፣ የፊት መጨማደድ ይቆጠራል። ትልቅ ካሜራ ከነሦስት እግሩ ከመሸከም ይልቅ በአንገት አንጠልጥሎ ገበያ መግባት ይቻላል። ለቤተ ጊዮርጊስ አልመክረውም፤ እንዲህ ያለው ካሜራ ሌንሱን ከፍ ዝቅ አድርጎ የሕንፃ መስመር ማቃናት አይችልምና ከጉድጓዱ አፋፍ ወደ ታች ሲያነሡ ግድግዳው የተንጋደደ ይመስላል። ለሰው ፊት ግን ከዚህ የተሻለ የእጅ ካሜራ ማግኘት ያስቸግራል።

እንግዲህ ቅሬታዬን ልናገር። ካሜራው ሲለወጥ ሌንሱ ይድናል፣ ወናፉ ይድናል፣ የአንድ ትውልድ የእጅ ሥራ ከቆሻሻ መጣያ ይድናል። አንድ ነገር ግን አይድንም፤ መስጠቱ። የተለወጠው ካሜራ እንደ መቅደላው ድንኳን ሆነ፤ የሰዉን ምስል አንሥቶ «እልክላችኋለሁ» ብሎ የሚሄድ። የላሊበላ ሰው ይህን ቃል ስንት ጊዜ እንደሰማው የአክስቴን ጎረቤቶች ጠይቁ። የስንቱ ልጅነት ሳያየው ውጭ አገር ቀርቷል! ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ በ1866 ምጽዋ የደረሰው የስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮን ሠራተኞች በኋላ ያነሡአቸውን የአባቶቻችንን ፎቶዎች ለማየት የስዊድንን መዝገብ ቤት ማንኳኳት አለብን።

መፍትሔው አንድ ጊዜ ተገኝቶ ነበር። ፖላሮይድ በ1961 55 ቁጥር የተባለ ለትልቅ ካሜራ የሚሆን ፊልም አወጣ። ሲላጥ ወረቀቱ ላይ ፎቶ፣ በሌላው በኩል ደግሞ የማይጣል ጥሩ ኔጋቲቭ ይሰጣል። ኔጋቲቩን በሶዲየም ሰልፋይት ውኃ ነክሮ ማጠብ ብቻ ነው። የተራራ ፎቶዎቹ ዓለም ያወቃቸው አንሰል አዳምስ የኩባንያው አማካሪ ነበርና ይህን ፊልም ራሱ ይጠቀምበት ነበር። ወረቀቱ ለተነሺው፣ ኔጋቲቩ ለአንሺው፤ ሁለቱም እዚያው፣ በዚያው ሰዓት። ፊልሙ በ2008 ከሌሎቹ ጋር ቆመ። በአሜሪካ እንደገና ሊሠሩት የሞከሩ ሰዎች ነበሩ፤ ጥቂት ዓመት አምርተው በ2017 መጨረሻ ዘጉ።

በአገራችን በዚህ መንፈስ የተሠራ አንድ ትልቅ ሥራ ግን አውቃለሁ። በ1973 የተጀመረው የብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ በየገዳሙና በየደብሩ እየዞረ፣ የላሊበላን ጨምሮ፣ በሺህ የሚቆጠሩ መጻሕፍትን አነሣ። ብራናው ከባለቤቱ ዘንድ አልወጣም፤ ፊልሙ አንዱ አዲስ አበባ፣ ሌላው በአሜሪካ ሚኒሶታ ተቀመጠ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በዚያ በሚኒሶታ ተቀምጠው ካታሎጉን በመሥራት ዕድሜያቸውን ሰጡ። ከመቅደላ መንገድ ጋር አነጻጽሩት።

ባለፈው ጥር ላሊበላ ስሄድ የአክስቴን ፎቶ አዲስ አበባ ወስጄ በጥሩ መሣሪያ ስካን ላስደርገው ብዬ ለመንኳት። የፖላሮይድ ወረቀት ብርሃን ሲነካው እንደሚደበዝዝ፣ ከግድግዳው ብታወርደው እንደሚሻል አስረዳሁ። በደንብ ሰማችኝ። ቡናውን ቀድታ ሰጠችኝና «እዚሁ ሁነህ አንሣው» አለች። «ልመልሰው እኮ ነው፣ አክስቴ» አልኩ።

«አውቃለሁ ልጄ። እዚሁ ሁነህ አንሣው።»

ከግድግዳው አውርዳ በነጠላዋ ጫፍ አቧራውን ጠረገችው። በሩ ላይ ጥላው ውስጥ ቆማ በሁለት እጇ ያዘችልኝ፤ እኔም በስልኬ አነሣሁት። አውራ ጣቶቿ ምስሉ ውስጥ ገብተዋል።

ከዚያ ስልኬን ተቀብላ አየችው፤ ፎቶውንም መልሳ ሚስማሩ ላይ ሰቀለችው።